በገመድ ላይ የቀረው የግራ ጫማ

ማንጎ ሁሉ ማንጎ አይደለም። ነቀምቴ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአፍንጫው ብቻ ማንጎ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ተወዳዳሪ አለኝ የሚል ካለ ይምጣ፣ ባጃጄን አስይዛለሁ። የሌላው አገር ማንጎ ትልቅ ነው፣ ያምራል፣ ግን ውሃ ይበዛዋል። የአንገር ወንዝ ማንጎ ትንሽ ነው፣ ክር አለው፣ ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ሽታው ግን ማር ላይ ጭስ የገባበት ዓይነት ነው። ከወራት በፊት በአንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴትዮ ከነሽንኩርቷ ጭኜ ገበያው ጫፍ ላይ ሳወርዳት ያ ሽታ መጣብኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። ሴትዮዋ መልሴን ትላለች፣ እኔ የለሁም። እኔ የኡኬን ከተማ አልፌ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ወንዙ መሃል ሃዋይ ላይ ቆሜያለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ትዝታ የሚያወራ ሰው ያስቃል። ይሳቅብኝ። እኛ አገር መንገድ ሲዘጋ ሰው ባንዴ ነው የሚያረጀው፤ ትናንት የሄድክበት ቦታ አባትህ በልጅነቱ የሄደበት ይመስልሃል። ሃዋይ ያልነው ሌላ ነገር አይደለም፣ ወንዙ በበጋ ሲጎድል መሃሉ ላይ ብቅ የሚል ደሴት ነው። አሸዋ አለው፣ ዘምባባ አለው፣ ጫፉ ላይ አንድ ሁለት የማንጎ ዛፍ አለው። ስሙን ያወጣው ለሚ ነው። ለሚ ማለት ከእኔ ጋር አንድ አጥር የተጋራ፣ አብሮኝ ከትምህርት ቤት የተባረረ ጓደኛዬ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ እሱ አምስተኛን ነክቷል፣ በዚህም ሁልጊዜ ይኮራብኝ ነበር። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ቀን ፀጉር ቤት ተራ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አየ። ነጭ አሸዋ፣ ዘምባባ፣ ባሕር፣ በገመድ አልጋ ላይ የተንጋለለች ሴት፣ እጇ ላይ ኮኮናት። ለሚ አፈጠጠ። "ካፒቴን" አለኝ፣ ያኔ የሰፈሩን ኳስ ቡድን አምበል ስለነበርኩ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ "ከዚህ ውስጥ እኛ የሌለን ምንድነው?" ባሕሩ ሰማያዊ ነው፣ የኛ ወንዝ ግን ቡናማ ነው አልኩት። "እሱማ ቀለም ነው" አለ። አለቀ። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ማግስት ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ተከራየንና ወረድን።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሆነ። አስተባባሪው እኔ ነበርኩ፣ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም እንዲህ ያለ አስተባባሪ በወለጋ አልተፈጠረም። ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም አንድ መኪና ላይ ነው የሚወጣው። የመዝሙር ልጆች ከፊት፣ እኛ የዘፈኖቹ ከኋላ። ሾፌሩ አስማምቶናል፤ ሲወርዱ መዝሙር፣ ሲመለሱ ዘፈን፣ ምክንያቱም ሲወርዱ ፍሬን ነው፣ ጸሎት ያስፈልጋል ይላል። ልብሱን ልንገርህ። እግር ላይ ተሰፍቶ የቀረ የሚመስል ጠባብ ሱሪ፣ ደረቱ እስከ እምብርት የተከፈተ አበባ አበባ ሸሚዝ። ያኔ ከሰልባጅ አንድ ሸሚዝ መርጠህ በማኪያቶ ዋጋ ገዝተህ ሙሽራ መምሰል ትችል ነበር። ዛሬ በዚያ ብር ቁልፉን አይሰጡህም። የፀሐይ መነጽር ያለው አንድ ሰው ነበር፣ ፎቶ ለመነሳት ተራ በተራ ያከራየን ነበር። የዚያ ዘመን የሁላችንም ፎቶ ላይ አንድ መነጽር ነው ያለው፣ የቀኝ በኩሉ ስንጥቅ ነው። ኡኬ ላይ ስንደርስ ሙቀቱ ፊትህን እንደ ምድጃ ይመታሃል፣ ሴቶቹ ሹራባቸውን ያወልቃሉ፣ ከዚያ ወንዙ ይታያል።

ወንዙ ዳር አያ ይማም ነው ያለው። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ከወሎ ይዘውት መጥተው እዚያ የሰፈሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው ሰው ነው። አራት የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ነፍቶ፣ በገመድ አስሮ፣ ላዩ ላይ የአልጋ ጣውላ አንጥፎ መሻገሪያ ሠርቷል። ጉማሬ ካለ ያውቃል፣ ውሃው ሊሞላ ሲል ከሽታው ያውቃል። ሕግ አለው፤ ሳያሻግርህ በፊት የግራ ጫማህን ትሰጠዋለህ። ዳር ላይ ካሉት ሁለት ዛፎች መሃል ገመድ ወጥሯል፣ እዚያ ላይ ይሰቅለዋል። ስትመለስ ጫማህን ራስህ ታወርዳለህ። ገመዱ ባዶ ከሆነ ደሴቱ ባዶ ነው፤ ጫማ ካለ ሰው አለ። ለምን ስም አትመዘግብም፣ ለምን አትቆጥረንም ብዬ አንዴ አፌዝኩበት። "ሰው ስሙን ይዋሻል" አለኝ፤ "ቁጥር ደግሞ አንዱ ጫካ ገብቶ ሲሸና ይሳሳታል። ጫማውን ትቶ ቤቱ የሚሄድ ግን አላየሁም።"

እንግዲህ ሃዋይ ላይ ምን ይሠራ ነበር ብትለኝ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይ ያለውን ሁሉ። የገመድ አልጋ ከማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተን ዘምባባ መሃል ሰቀልን፤ መጀመሪያ የተኛው ወፍራሙ ጓደኛችን ነበር፣ ከነጆንያው ወደቀ። ኮኮናት የለም፣ ስለዚህ ቅል ቆርጠን የማንጎ ጭማቂ ሞላንበት፣ በስትሮ ጠጣን፣ የዚያን ዕለት ሁላችንም ጭማቂው ቅል ቅል ይለን ነበር፣ አንድም ሰው ግን አላመነም። ፀሐይ መሞቅ የሚባለውንም ሞከርነው። ነቀምቴ ፀሐይ የምትሞቀው ሲበርድህ ነው፣ ለሚ ግን ፈረንጅ በሙቀት ነው የሚሞቀው ብሎ አሸዋው ላይ አስተኛን፣ እንደ በቆሎ እሸት አገላበጠን። ዓሣ ጠበስን፣ ማንጎ በሚጥሚጣ በላን፣ የመዝሙር ልጆቹ ጥላ ስር ከበሮ መቱ፣ ኳስ ተጫወትን። ኳሱን የምንጫወተው በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እግር ባዶ ነው። በግራ እግሩ የሚመታ ሰው ያለቅሳል። ማታ ማታ ዓይኔን ስከድን እስከ ዛሬ የሚመጣብኝ እሱ ነው፤ አሸዋው ላይ ያለው ዱካ። የወንዱም የሴቱም፣ የጴንጤውም የኦርቶዶክሱም፣ አንዱ እግር ጫማ፣ አንዱ እግር አምስት ጣት።

የመጨረሻው ዓመት እኛ ጋ ፀሐይ ነበር፣ ደጋው በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። እኛ ኳስ ላይ ነን። አያ ይማም ከወዲያ ማዶ ጥሩምባውን ነፋ። አንዴ ከነፋ ምሳ ደርሷል ማለት ነው፣ ሳያቋርጥ ከነፋ ግን ተነሱ ነው። ሳያቋርጥ ነፋ። ወንዙን ሳየው ቡናማው ቀይ ሆኗል፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ እየመጣ ነው። መጀመሪያ ሴቶቹን፣ ከዚያ ልጆቹን፣ ከዚያ እኛን እያመላለሰ አሻገረን፤ ዝናቡም እኛ ጋ ደረሰ። እሱ ውሃው ላይ ነው፣ የተሻገረው ዳር ላይ በዝናብ ውስጥ ጫማውን ከገመዱ እየመነጨቀ ወደ መኪናው ይሮጣል፤ ሾፌሩ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን እንውጣ እያለ ጥሩምባ ይነፋል። ዳገቱን ጀምረን ሁሉም ትንፋሹ ሲመለስ የለሚን እግር አየሁት። የቀኙ ነጭ ሸራ ጫማ ነው፣ ቀይ ክር ያለው፣ ከሰልባጅ መርጦ የገዛው። ግራው ባዶ ነው፣ ጭቃ ነው። ጫማህስ አልኩት።

"አስይዤው መጣሁ።"

"ምን አስይዘህ?"

"ቦታ ነዋ። የከርሞ ቦታዬን።"

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። እስከ ነቀምቴ ድረስ ስናሾፍበት ነው የገባነው። አያ ይማም ሰው ቀረ ብሎ ይደነግጣል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እሱ ስልክ የለው፣ እኛ ደግሞ ከርሞ ሄደን እንስቅበታለን ብለናል። ከርሞ ግን አልመጣም። መንገዱ ተዘጋ። እንዴት፣ ማን፣ ለምን የሚለውን ለሚያውቁት ትቻለሁ፤ እኔ የማውቀው ከመናኸሪያው ወደዚያ ተሳፋሪ የሚጠራው ልጅ ዝም ማለቱን ነው። ትንሽ ከፈት ሲል ለሚ በቆሎ ሊጭን ወደ ኪራሙ ከሚሄድ መኪና ጋር ወጣ። ጠዋት በአጥሩ ላይ "ካፒቴን፣ ምን ላምጣልህ?" አለኝ፣ ዝንጀሮ አልኩት። መኪናውም አልተመለሰም፣ ሾፌሩም፣ እሱም። ሞተ ያለ የለም፣ አየሁት ያለ የለም። እናቱ አዴ አስቴር የኔም እናት ማለት ናቸው፤ ሽማግሌም የቤተ ክርስቲያን ሰውም እየመጣ ልቅሶ ይቀመጡ፣ ዕርም ያውጡ ሲላቸው አንድ መልስ ነው ያላቸው፤ "ያየ ሰው ይምጣ።"

ወደ ገበያው ልመለስ። ሴትዮዋን መልሷን ሰጥቼ ሽታውን ተከትዬ ሄድኩ። ከቲማቲም ሻጮቹ ጀርባ ላስቲክ ላይ ትንሽ ማንጎ ደርድሮ የተቀመጠ ሽማግሌ አለ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል እንጂ እሱ ነው፣ አያ ይማም። ያኔ ሽማግሌ አልነበረም። ለካ ሸሽቶ ወጥቶ ነቀምቴ ዘመድ ቤት ተጠግቷል፤ ማንጎውን ከዚያ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይቀበላል። ቀና ብሎ አየኝ። እንደ ወሎ ሰው የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የጎረቤቱን ሰላምታ ይደረድራል ብዬ ጎንበስ ስል ሰላም እንኳ አላለኝም።

"ካፒቴን፣ ያን ቀን ሁላችሁም ገባችሁ?"

ሁላችንም ገባን አልኩት። ሁላችንም አትበለኝ አለና ከጀርባው ካለው ፌስታል ውስጥ ጫማ አወጣ። ነጭ ሸራ፣ ቀይ ክር፣ የግራ እግር። ከዚያ ነገረኝ። ያን ቀን መጨረሻ ላይ መሻገሪያውን አስሮ ዳር ሲወጣ መኪናው የለም፣ ገመዱ ላይ ጫማ አለ። ውሃው አሸዋውን እየበላ እያለ ብቻውን ተመልሶ ተሻገረ። ዘምባባውን ሁሉ ዞረ፣ ተጣራ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ። ደሴቱ ከመዋጡ በፊት ለጥቂት ነው የወጣው። ውሃው ሲጎድል ወደታች ዳር ዳሩን ሄደ፣ ዓሣ አጥማጁን ጠየቀ፣ ከብት ጠባቂውን ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ካላማዳሪውን አስተንፍሶ ሰው አላሻገረም። "ስሸሽ ፍየሎቼን ጥዬ ነው የወጣሁ" አለኝ፤ "ይችን ግን መጣል አልሆነልኝም። የሰው ነፍስ በእጄ አለች።"

እኔ ቀልደኛ ነኝ፣ ለቅሶ ቤት ሬሳ የማስቅ ሰው ነኝ ይሉኛል። ያኔ ግን ቀልዱን ተውኩት። የለሚ ናት፣ ያን ቀን በሰላም ገብቷል፣ ሆን ብሎ ነው የተወው፣ ቦታ ልያዝ ብሎ ነው አልኩት። ፊቱ በራ። "ታዲያ ጥራዋ፣ በእጁ ላስረክበው" አለኝ። አሁን የለም አልኩ። የት ሄደ አለኝ። መንገድ ወጣ፣ አልተመለሰም ስለው እጁን ከነጫማው ወደ ደረቱ ሰበሰበ። "አየህ፣ ልታጽናናኝ ነው። አንተ ሁልጊዜ ቀልደኛ ነህ" አለ። ብምል አላመነኝም። ሰክሮ ልጅ የገጨ፣ ልጁ በሌላ በሽታ ነው የሞተው እያሉ የሚያጽናኑት ሾፌር ይመስል አንገቱን ደፋ። ከዚያ እናት አለችው ወይ አለኝ። አለች አልኩ። "እሷ ትንገረኝ። እሷ የምትለውን እቀበላለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ሳይረፍድ እንሂድ ተባባልን፣ እሱም ለንግዱ እንዲደርስ፣ እኔም ለሥራዬ። ልወስደው ስሄድ አዲስ የታጠበ ጋቢ ለብሶ፣ በትር ይዞ፣ ሌላ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ አስከትሎ ጠበቀኝ። ልጄን በላህብኝ ትለኝ ይሆናል፣ የእናት ፊት ብቻውን አይቀረብም አለኝ። እኔ ጎበዙ፣ እኔ በነቀምቴ የሌለ ብልጡ፣ አልታየኝም። ባጃጄን አዴ አስቴር በር ላይ አቆምኩ። ገና ጎህ እንደቀደደ፣ ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ወረዱ። አንደኛው እጅ ላይ የለሚ ጫማ።

በእኛ አገር በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መርዶ። የጎረቤት ሴት ከአጥሯ ላይ አየችን። "ወዬ!" ብላ እሪ አለች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። በሩ ሁሉ ተከፈተ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያጠበቁ እየሮጡ መጡ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አዴ አስቴር ግቢ እየጠረጉ ነበር፣ መጥረጊያውን እንደያዙ ቆሙ። ዓይናቸው ጫማው ላይ ነው። መርዶ አይደለም እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩትን ሁሉ ሰው ሲስቅልኝ ኖሯል፤ የዚያን ጠዋት እውነት ስናገር አንድም የሚያምነኝ ጠፋ።

አዴ አስቴር እጃቸውን አነሱ። "ጨሊሳ" አሉ። ዝም በሉ ነው። ሰፈሩ ዝም አለ። ወደ አያ ይማም ቀረቡና በአማርኛ ጠየቁት።

"አይተኸዋል?"

"አላየሁም እቴ። እኔ ነገር ይዤ አልመጣሁም፣ ልጠይቅ ነው የመጣሁ።"

"ምን ልትጠይቅ?"

"አሻጋሪው እኔ ነኝ። ያን ቀን…" ብሎ ቆመ። "ልጅሽ ያን ቀን ከወንዙ ወጥቷል?"

አዴ አስቴር አዩት። ለራሳቸው ዕንባ ሲጠብቁ የሰው ዕንባ የመጣባቸው ዓይነት ነው አስተያየታቸው። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳዩት።

"ገብቷል፤ አንድ እግሩ ጭቃ ሆኖ ነው የገባው። እዚች ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ውሃው ቀዘቀዘኝ ብሎ ጮኸብኝ፣ በጥፊ መታሁት፣ ሳቀ። አንተ እጅ ላይ ምንም የለም፣ አባቴ። ቤቱ ገብቷል።"

አያ ይማም እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲስቅ ድምፅ የለውም ብዬሃለሁ፣ ሲያለቅስም የለውም። ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። አብሮት የመጣው ሽማግሌ አልሐምዱሊላህ እያለ ጀርባውን ያሻል። እኔ እነዚህን ሁለት ሰዎች አየኋቸው፤ አንዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተሸከመውን እዚህ ግቢ ውስጥ አወረደ፣ ያወረዱለት እናት ግን የራሳቸውን ያወረደላቸው የለም።

አዴ አስቴር ወደ ቤት ገብተው የቀኙን ጫማ ይዘው ወጡ። ታጥቦ፣ ውስጡ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት እንዳይጨማደድ። አያ ይማም ተነስቶ የግራውን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ሰፈርተኛው በሙሉ ጥንዱ እንዲገናኝ ይጠብቃል፣ አንዳንዷ ሴት ማልቀስ ጀምራለች። አዴ አስቴር አልተቀበሉትም። ወደ እኔ ዞሩ።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ የዚህ ሰው ሕግ ምን ነበር? ለሚ ይነግረኝ ነበር።"

ነገርኳቸው። ጫማውን ከገመድ የሚያወርደው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ጫማው ተሰቅሎ ካለ ገና ያልተሻገረ ሰው አለ ማለት ነው አልኳቸው።

"እንግዲያ ስቀለው" አሉት አያ ይማምን።

ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ ከቤቱ ጥግ እስከ ባሕር ዛፉ የተወጠረ። አያ ይማም ቀዩን ክር ይዞ፣ ወንዝ ዳር በሚያስርበት አስተሳሰር፣ ሁለቴ ጠምዝዞ አንዴ ስቦ አሰረው። የቀኙን እናትየው መልሰው ቤት አስገቡ። ከዚያ መጀመሪያ እሪ ያለችው ጎረቤት ነጠላዋን ከወገቧ ፈታችና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ፈታች። አንድ በአንድ፣ ሁሉም ፈቱ።

ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ይቀመጡ ብሎ አዴ አስቴርን የመከረ ሰው አልሰማሁም። አያ ይማም በገበያ ቀን የተረፈውን ማንጎ ይዞላቸው ይመጣል፣ ገመዱ ስር ትንሽ ይቀመጣል፣ ቋጠሮውን ነካ አድርጎ ይሄዳል። እኔ በየጠዋቱ ባጃጄን ሳስነሳ በአጥሩ ላይ አያለሁ። አንሶላ ይሰቀላል፣ ይወርዳል። ጋቢ ይሰቀላል፣ ይወርዳል። ጫማው አለ። ዝናቡ ቀዩን ክር አደብዝዞታል፤ እናትየው ግን በሳምንት አንዴ ሳያወርዱት እዚያው እንደተሰቀለ በእርጥብ ጨርቅ ያጸዱታል። ለሚ፣ ቦታህ ተይዟል።